ላቀችን ማን ወለዳት?

ተማሪዎች ሳለን ሲኒማ ራስ ፊልም አይተን ስንወጣ ጆሯችን ላይ የሚቀረው የአክተሩ ድምፅ አልነበረም። ወደ ምን አለሽ ተራ ጠጋ ስንል የመዶሻው ኳኳታ ሁሉንም ያስረሳናል። እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀዶ ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል። እኛ ታዲያ ክፍል ውስጥ ስለ «ኢኖቬሽን» የፈረንጅ ምሳሌ እንሸመድድ ነበር። ዛሬ ከዚህ ሰፈር የማትርቅ አንዲት ምሳሌ እናውጋችሁ። ስሟ ላቀች ነው፤ የከሰል ምድጃ ናት።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933) የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነስቶ ወደዚህ ሲዛወር የተመሠረተ ነው። ቀጥቃጮቹ ለከተማው የሚሠሩት የከሰል ምድጃ ለረጅም ጊዜ ከላይ እስከ ታች ብረት ነበር። ብረት ደግሞ ሙቀቱን ለድስቱ ከመስጠት ይልቅ ወደ ጎን ይበትነዋል። ትርፉ የከሰል ወጪ ነው።

በ1980ዎቹ በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር የነበረና የዓለም ባንክ የደገፈው ፕሮጀክት ችግሩን ይዞ ተነሣ። ባለሙያዎቹ ከዜሮ አልጀመሩም። የኬንያን ባለ ሸክላ ምድጃ ተመለከቱ፤ ኬንያም ብትሆን ሐሳቡን ያገኘችው ከታይላንድ ነው። የብረቱን ውስጥ ሸክላ አለበሱት፤ ሸክላው ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ የታችኛዋ በር አየሩን ትመጥናለች። አዲሷ ምድጃ ከድሮዋ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች ተባለ። ስሟም ላቀች ተባለ፤ በለጠች እንደ ማለት። ለእንጀራ ደግሞ ከሲሚንቶ የምትሠራው ምርጥ ምድጃ ተከተለች።

መቼም ሐሳብ ብቻውን ወጥ አይሠራም። እኛን የገረመን የአመራሩ ብልሃት ነው። ምድጃዋ ለአንድ ፋብሪካ ተሰጥታ አልተቆለፈባትም። ሸክላውን ሸክላ ሠሪዎች፣ ብረቱን ቀጥቃጮች ሠሩት፤ ነጋዴው ሸጠው። አዲስ ዕቃ ገበያ ውስጥ የሚሰነብተው ሠሪውም ሻጩም ሲጠቀሙበት ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ላቀች አብራ ያልሞተችው ለዚህ ይመስለናል።

ነገሩ ግን ዋጋ አለው። ማንም ሊሠራት የሚችል ምድጃ ማንም ሊያበላሻት ይችላል። ሸክላው ሳስቶ ወይም በደንብ ሳይተኮስ ቢገባ ከውጪ አይታወቅም፤ ቤት ከገባች በኋላ ይሰነጠቃል። ያኔ የሚከስረው ዲዛይን ያደረገው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ከጉሊት ገቢዋ ቀንሳ የገዛችው እናት ናት። ስለዚህ ፈጠራን መምራት ዕቃው ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ አያበቃም። ጥራቱን ከዓመት ዓመት የሚከታተል ሰው ይፈልጋል።

ዛሬ ስለ ስታርትአፕ ስናወራ የምንጠይቀው «ማን ፈጠረው?» ብለን ነው። የላቀች ታሪክ የሚያስጠይቀን ሌላ ነው፦ ከተፈጠረ በኋላስ ማን አሳደገው? እናንተም መርካቶ ብቅ ስትሉ ምድጃዋን ከመግዛታችሁ በፊት ውስጧን አገላብጣችሁ እዩልን።