የዱብሉቅ ኤላና የክንድ ድርሻ

ከያቤሎ ተነሥቶ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው ዱብሉቅ ሲደርስ የሚያየው አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ነው። ስሟን የሰጧትና የሕልውናዋ መሠረት የሆኑት ጉድጓዶች ግን ከመሬት በታች ናቸውና በአላፊው ዓይን አይገቡም። ዱብሉቅ፣ ቦረናዎች ዘጠኙ ቱላ ብለው ከሚጠሯቸው የጥልቅ ጉድጓድ ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ ጋዮ፣ መልባና፣ ዌብና ዳስ ከእኅቶቹ ይቈጠራሉ። ከእነዚህ ጉድጓዶች፣ በአካባቢው አጠራር ከኤላዎቹ፣ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃሉ። ማን እንደቈፈራቸው የሚነግር የጽሑፍ መዝገብ ባይኖርም፣ ዋቅቶሌ ጢቂና ጉፉ ኦባ ከባልደረባቸው ጋር በ2011 ያሳተሙት ጥናት የቃል ታሪክን ከገዳ የዘመን ስሌት ጋር በማስተያየት የጥንታዊዎቹን የውኃ ሥፍራዎች የውድመትና የእድሳት ታሪክ ከ1560 ጀምሮ ለመከተል ችሏል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)።

የኤላው አሠራር ለመሐንዲስ ዓይን የሚያስደንቅ ነው። በመጀመሪያ ከሜዳው ወደታች የሚወርድ ሰፊ የከብት መግቢያ በመሬቱ ውስጥ ይቀደዳል። በመግቢያው መጨረሻ ላይ በጭቃ የተመረገ ገንዳ ይሠራል፤ ይኸውም ውኃው እስከ ምድር ገጽ መውጣት ሳያስፈልገው ከብቱ ራሱ ወደ ውኃው እንዲቀርብ ነው። ከገንዳው በታች ጉድጓዱ ይቀጥላል። በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ በተረበረቡ እንጨቶች ላይ ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ ይቆማሉ፤ ከታች ያለው የቀዳውን ባልዲ ከበላዩ ላለው ያቀብላል፣ ባዶው በዚያው መንገድ ይመለሳል። የቅብብሉ ምት የሚጠበቀው በዜማ ነው፤ የቦረና ኤላዎች በውጭ ሰዎች ዘንድ ‹‹ዘማሪ ጉድጓዶች›› ተብለው የሚታወቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሥራ በቍጥር ቢመዘን ምን ያህል ይሆናል? ለምሳሌ ያህል በበጋ በየሦስት ቀኑ የሚጠጣ አንድ ከብት በአንድ ጊዜ 40 ሊትር ይጠጣል ቢባል፣ 500 ከብት ለማጠጣት 20,000 ሊትር ውኃ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ውኃ 15 ሜትር ወደ ላይ ይነሣል ብንል የሚጠይቀው ንጹሕ ጉልበት 0.82 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አነስተኛ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይህን ሥራ በአጭር ጊዜ ይፈጽመዋል። ታዲያ በስሌቱ ብቻ የሚያምን ባለሙያ የቦረናን ወጣት ቀኑን ሙሉ በጉድጓድ ውስጥ ማቆም የጉልበት ብክነት ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ግን ስሌቱ ምን ምን ነገር ሳይቈጥር ቀርቷል የሚለው ነው።

ያልተቈጠረው ሥርዓቱ ነው። እያንዳንዱ ኤላ ኮንፊ የሚባል ባለመብት አለው፤ ይኸውም ጉድጓዱን በመጀመሪያ የቈፈረው ወይም ከፈረሰ በኋላ እንደገና ያወጣው ሰው ወራሽ ነው። የዕለት ተዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ የተጎዳው አጥር በማን እንደሚጠገን፣ የተደፈነው ገንዳ በማን እንደሚጠረግ በጉባኤ ይወሰናል። የጎሳው አባል መብት በዘሩ ይጀምር እንጂ በዘሩ ብቻ አይጸናም፤ የሥራ ድርሻውን ካልተወጣ ተራው ይናጋል። ብዙ ከብት ያለው ሰው የቤተ ሰቡ ክንድ ስለማይበቃው የሌሎችን ጉልበት ይሻል፤ ጥቂት ከብት ያለው ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ይቀርባል። በዚህም ሀብታሙና ድኻው በአንድ መሰላል ላይ ይገናኛሉ። የድኻው ክንድ በኤላው ዘንድ ዋጋ ያለው እስከሆነ ድረስ ድኻው በጉባኤው ዘንድ ቃል ያለው ሰው ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ ነው። ከብቱ በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ጉባኤ ያመለክታል፤ ጉባኤውም ከአባላቱ ከብት አዋጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። ዳባሬ የሚባለው ልማድ ደግሞ ላሟን በባለቤትነት ሳይለቁ ወተቷን ለተቸገረ ቤተ ሰብ ማዋስ ነው። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶች ‹‹የማኅበራዊ ጥበቃ መርሐ ግብር›› የሚባለው ነገር በቦረና ምድር ያለ ማኅተምና ያለ መዝገብ ይሠራበት ነበር።

በአንጻሩ የአገሪቱ ሕግ ለዚህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ ስም አልነበረውም። የ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን በሙሉ ከመንግሥት ይዞታ ጋር ደምሮ አስቀመጠው። የ1975 የገጠር መሬት አዋጅ በልማድ ሲገለገሉበት በኖሩት የግጦሽ መሬት ላይ የመገልገል መብትን ለ‹‹ዘላኖች›› ሰጠ፤ ቃሉ በዚያን ጊዜ የተለመደ ነበር። የ1995 ሕገ መንግሥት ግን አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው በአንቀጽ 40 ደነገገ። ከዚህ እንደሚታየው፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ያው መሬት በሦስት የተለያዩ ስሞች ተጠርቷል፤ በኤላው ዙሪያ ያለው ተራ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ በአባ ሄሬጋው እጅ ነበር።

ተመራማሪዎች ወደ ቦረና በስፋት የገቡት በ1970ዎቹ ነው። ከእነሱ በፊት አስመሮም ለገሠ የገዳን ሥርዓት አጥንቶ ታዋቂ መጽሐፉን በ1973 አሳትሞ ነበር። በ1974 ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከል፣ በአሕጽሮት ኢልካ፣ በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው ሦስተኛው የከብት ሀብት ልማት ፕሮጀክት ሲቋቋም፣ የደቡቡ ክፍል ሶርዱ በሚል አሕጽሮት በያቤሎ ጽሕፈት ቤቱን ከፈተ። ዮሐን ሄላንድ የቦረናን የኅብረተሰብ አቋምና የውኃ አስተዳደር ለኢልካ አጥንቶ በ1980 አቀረበ። ከዚያም ወዲህ ኢልካና ሶርዱ በመተባበር እስከ 1991 ድረስ ያካሄዱት ምርምር፣ ሌይን ኮፖክ በ1994 አጠቃሎ ባሳተመው መድበል ተሰበሰበ። ይህ ምርምር በአገሪቱ የቆላ አካባቢዎች ታሪክ ከፍ ያለ ሥፍራ የሚሰጠው፣ የእንስሳት ሐኪሙን፣ የኢኮኖሚ ባለሙያውንና የኅብረተሰብ አጥኚውን በአንድ ሜዳ ስላገናኘ ነው። 95,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው የቦረና አምባ ላይ ሣሩ፣ ከብቱ፣ ወተቱና ሰው አንድ ላይ ተጠኑ።

በዚያው ዘመን መሐንዲሶችም በሥራ ላይ ነበሩ። ሶርዱ በከባድ መሣሪያ የተቈፈሩ ኩሬዎችን ሠራ፣ መንገዶችንም ዘረጋ። የኩሬዎቹ ዓላማ መልካም ነበር፤ በጥልቁ ኤላ ዙሪያ የሚጨናነቀውን ከብት ወደ ሌላው ሣር ለማሰራጨት የታሰቡ ናቸው። ነገር ግን ኩሬ የክንድ ሰንሰለት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ለበጋው ኤላ እንደነበረው ያለ ጠንካራ የተራ ሥርዓት ወዲያው አላበጀም። ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው ሜዳ ውኃ በማግኘቱ ዓመቱን ሙሉ ሰፋሪ ያዘው። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንደገለጹት፣ የክረምቱና የበጋው ግጦሽ ልዩነት እየደበዘዘ የሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የምሕንድስናው ሥራ አልከሸፈም፤ ኩሬው ውኃ ይዟል። ያልታሰበበት ውኃው የሚያዝበት የሰው ሥርዓት ነው።

ድርቁ ግን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። ሰሎሞን ደስታና ኮፖክ የ17 ዓመት የመንጋ ታሪክ ከአርብቶ አደሮች ጠይቀው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1983–85 እና በ1991–93 በደረሱት ድርቆች ከ37 እስከ 42 በመቶ የሚሆነው ከብት እንዳለቀ አስረዱ። ከዚሁ ሥራ በተገኘ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበውን ነገር አወጣ፤ የአንድ ቤተ ሰብ ከብት ከ10 እስከ 15 ከሚደርስ ቍጥር በታች ከወረደ፣ ያ ቤተ ሰብ ወደ ቀድሞ ኑሮው የመመለስ ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። በጎሳ መዋጮ የሚሰጠውም ከብት ከጠፋው ጋር ሲመዘን ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ሳንቶስና ባሬት ያደረጉት ተከታይ ጥናት፣ ፈጽሞ የደኸየው ሰው ከብድርና ከስጦታ መረብ ውጭ እየሆነ፣ በጎረቤቶቹም ዘንድ ሳይቀር ከመታወቅ እየራቀ እንደሚሄድ አመለከተ።

ይህ ግኝት የቆየውን ሥርዓት ከልክ በላይ ለሚያሞግሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በከብት የሚቈጠር ጥበቃ ከብት የሌለውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። ከጥንት ጀምሮ በአደንና በማር የኖሩት፣ በከብት አርቢው ዘንድ ዝቅ ተደርገው ሲታዩ የቆዩት ዋታዎች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። የአናሳዎች መብት የሚለው ጥያቄ በመንግሥትና በቦረና መካከል ብቻ የሚነሣ ሳይሆን፣ በኤላው ዙሪያም የሚነሣ ጥያቄ ነው። በማዕከሉ ዘንድ አናሳ የሆነ ሕዝብ በውስጡ ሌላ አናሳ ይኖረዋል።

ምርምሩ ከመዝገብ ወደ ተግባር የተሻገረበት ምዕራፍ ከ2000 በኋላ የመጣ ነው። ኮፖክ፣ ሰሎሞን ደስታ፣ ሰይፉ ተዘራና ጌታቸው ገብሩ በመሩት ፕሮጀክት ተመራማሪዎቹ ችግሩን አጥንተው ከመሄድ ይልቅ ከነዋሪዎቹ ጋር መፍትሔ መሞከርን መረጡ። ከቦረና የመጡ ሴቶች ወደ ሰሜን ኬንያ ተወስደው እንደነሱው በአርብቶ አደርነት የሚኖሩ የሴቶች ማኅበራትን ሥራ ተመለከቱ። ከዚያም በቦረና አምባ 59 የትብብር ቡድኖች ተቋቋሙ፤ 2,300 ያህል አባላታቸው በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ቁጠባ፣ ብድር፣ አነስተኛ ንግድና መሠረተ ትምህርት የቡድኖቹ ሥራ ሆኑ። ውጤቱ በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። በዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መምህሩ ፕሮፌሰር ሳይሆን ከድንበር ማዶ ያለች የከብት አርቢ ሴት መሆኗ ነው።

በዚህ መካከል የኤላው ክንድ ወደ ሌላ ሥራ እየሄደ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ወጣቶች በያቤሎ፣ በነገሌና በሞያሌ የቀን ሥራ ይፈልጋሉ። ያው አውራ ጎዳና ከሀዲያና ከከምባታ ተነሥተው በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካን የሚያልሙ ወጣቶች የሚያልፉበት መንገድ ነው። ለእነዚያ ዱብሉቅ በመስኮት የምታልፍ ከተማ ናት፤ ለቦረናው ወጣት ግን መንገዱ መኖሩ ራሱ ጥያቄ ነው። አንድ ወጣት ከመሰላሉ በወረደ ቍጥር በላይና በታች የቆሙት ክንዳቸውን የበለጠ መዘርጋት አለባቸው። በሄደበትም ቢሆን ተራ የሚያስከብርለት አባ ሄሬጋ፣ ሲወድቅ የሚያነሣው ቡሳ ጎኖፋ አይከተለውም።

አዲሶቹ የጥበቃ ዘዴዎች ክፍተቱን ለመሙላት መጥተዋል። በ2005 የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በኋላ ወደ አርብቶ አደር አካባቢዎች ዘልቋል። በ2012 ደግሞ በሳተላይት የሚታየውን የሣር ልምላሜ መለኪያው ያደረገ የከብት መድን በቦረና ተጀመረ። ሆኖም ከ2020 መጨረሻ አንሥቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ አዲሱም አሮጌውም ጥበቃ ሊሸከመው ያልቻለ መከራ ወረደ። የዞኑ ባለሥልጣናት ያለቀውን ከብት ከ3 ሚሊዮን በላይ አድርሰውታል። በ2022 በዱብሉቅ ከተማ አጠገብ መንጋቸው ያለቀባቸው ቤተ ሰቦች በጊዜያዊ መጠለያ ሰፍረው እርዳታ ይጠብቁ ነበር። ለዘመናት ከብት ውኃ ፍለጋ በሚመጣበት ሥፍራ፣ ከብት የሌለው ሰው መጣ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምሕንድስና ሙያ የሚማረው ምንድን ነው? ሞተር አይግባ ማለት አይደለም። ጥልቅ ጉድጓድ አደገኛ ሥራ ነው፤ ወጣቱም ከመሰላሉ ወርዶ መማር መብቱ ነው። ኬር ኢትዮጵያ ከጎሳ ጉባኤዎች ጋር በመተባበር ኤላዎችን ሲያድስ እንደታየው፣ የሥራውን ሸክም ባለመብቶቹን ሳይገፉ ማቅለል ይቻላል። ነገር ግን ሞተሩ የሚተካው 0.82 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ድኻው በኤላው ላይ መብት ያገኝ የነበረው በክንዱ ነው፤ ክንዱ ካላስፈለገ መብቱ በምን ይጸናል? ለነዳጅ መክፈል የማይችለው ከየትኛው ተራ ላይ ይቆማል? ዋታው በአዲሱ የውኃ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር አለውን? የዱብሉቅ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ እነዚህ ጥያቄዎች ከጥልቀቱ፣ ከፍሰቱና ከቧንቧው ስፋት ጋር በአንድ የንድፍ ወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። መልሱን የሚያውቁትም በአብዛኛው በኤላው ዙሪያ ተቀምጠዋልና፣ መሐንዲሱ ሥራውን የሚጀምረው እነሱን በመጠየቅ ነው።