ከለገሀር እስከ ድሬዳዋ፦ የትንንሾቹ ጣቢያዎች ታሪክ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አሮጌ የምድር ባቡር መስመር ትንንሽ ጣቢያዎች መጀመሪያ የተሠሩት ለተሳፋሪ ሳይሆን ለባቡሩ ነበር። ሐዲዱ ሲዘረጋ አርባ፣ ሙሉ፣ አፍደም ወይም ሁርሶ ላይ ቲኬት ቆርጦ የሚሳፈር ሕዝብ እምብዛም አልነበረም፤ በአብዛኞቹ ቦታዎች ከተማ የሚባል ነገርም አልተቆረቆረም። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ግን ውሃ ይጠማዋል። መንገዱ አንድ ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ ከፊት የሚመጣውን ባቡር ጥግ ይዞ የሚያሳልፍበት ቦታ ይሻል። ከፊቱ ያለው መንገድ ነፃ መሆኑንም የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ጣቢያ በውሃ፣ በመተላለፊያና በስልክ ምክንያት ተተከለ፤ ሰፈሩ፣ ገበያውና ሻይ ቤቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

አጼ ምኒልክ መስመሩን የማሠራት ፈቃድ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል ከሁሉም የከበደ ነበር። በሸበሌና በሆልሆል ሸለቆዎች ላይ ረጃጅም የብረት ድልድዮች መትከል ግድ ሆነ፤ አገሬው የኢሳ ሕዝብም በግጦሽ መሬቱ መካከል የሚያልፈውን ብረት በቀላሉ አልተቀበለም። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ተራራው ስላልተበገረ ከሥሩ ባለው ሜዳ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። እስከዚያ ያለው 311 ኪሎ ሜትር የኩባንያውን ካዝና አራቆተው። ኩባንያው ከከሰረ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለጓዶሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ዦዜፍ ቪታልየን ተላለፈና አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተመሠረተ። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለው ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር።

የትንሽ ጣቢያ አሠራር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመሳሳይ ነው። በድንጋይ የተገነባ አንድ ቤት፣ በላዩ የጣቢያው ስም፣ በአንድ ወገን ከፍ ብሎ የቆመ የውሃ ጋን፣ ከዋናው ሐዲድ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ወዲያና ወዲህ የሚገጥም ሁለተኛ ሐዲድ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ የሐዲድ ጠጋኞች ቤቶች ይገኛሉ። የጣቢያው ኃላፊ ቀዳሚ ሥራ ቲኬት መሸጥ አልነበረም፤ ከሚቀጥለው ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ መስመሩ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡሩን አለመልቀቅ ነበር። በነጠላ ሐዲድ ላይ ይህ ሥራ የነፍስ ጉዳይ ነው። አንድም ተሳፋሪ የማይወርድበት ጣቢያ ሌሊትና ቀን ሰው ሊኖርበት የተገደደውም ለዚህ ነበር። ኩባንያው በፈረንሳዮች የሚመራ ስለነበር የሥራው ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ጋር ተደባልቋል፤ ድሬዳዋ ኩባንያውን እስከ ዛሬ «ሸሚን ደፈር» ብላ ታስታውሰዋለች። የአዲስ አበባው ለገሀርም የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ ዳሩ ግን የሸዋ ጆሮ ለገጣፎንና ለገዳዲን የለመደ ስለሆነ ቃሉን እንደ ወንዝ ስም አድርጎ ተቀብሎታል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ማለት ነውና።

ከአዲስ አበባ ሲነሱ የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱና ሞጆ ናቸው። ሐዲዱ ከ2300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ አዋሽ ሲደርስ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የባቡር ታሪክ ወዳጅ የሆነ ሰው በአንድ ቀን ይህን ቁልቁለት በመኪና ተከትሎ ጣቢያዎቹን ሊጎበኝ ይችላል፤ አውራ ጎዳናው ከሐዲዱ ብዙም አይርቅምና። በዚህ ክፍል ጣቢያው ከከተማው ጋር ተሰፍቶ ይገኛል። ሞጆና አዳማ የመንገድ መገናኛ ሲሆኑ የባቡሩ ጣቢያ ከከተማው እድገት አንዱ ምክንያት ሆኖ ቆይቶ በኋላ በአውቶቡስ መናኸሪያው ተዋጠ። ከአዳማ ወደ ደቡብ እስከ ዲላ ቅርንጫፍ ሐዲድ ለመዘርጋት በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታቅዶ ነበር፤ ቡና ለማመላለስ የታሰበው ይህ ሐዲድ ሳይሠራ ቀረ።

ከወለንጪቲ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ጤፉ ያልቅና ግራሩ ይጀምራል፤ በመልካ ጅሎ በኩል ሐዲዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ይገባል። መተሐራ አጠገብ መስመሩ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ መካከል ያልፋል። እዚያ የበሰቃ ሐይቅ ለባቡሩም ለመኪናውም መንገድ የዘመናት ስጋት ሆኗል። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረው ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ፤ ሐዲዱና ጎዳናው የተሠሩበትን ቁልል ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። በየትም አገር ውሃ ፍለጋ ጣቢያ ሲተከል፣ እዚህ ግን ውሃው ራሱ ጣቢያውን ፍለጋ መጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዋሽ ከትንንሾቹ ሁሉ የተለየ ታሪክ ያለው ጣቢያ ነው። ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ስለዚህ በበረሃው መካከል ለአዳሪዎች ማረፊያ ሊኖር ግድ ነበር፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውና ቡፌ እየተባለ የሚጠራው ሆቴል የተወለደው ከዚህ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ግድግዳው በቦገንቪላ አበባ የተሸፈነው ይህ ቤት ከጣቢያው ጋር አብሮ ያረጀ፣ የመስመሩን ጠባይ ከማንኛውም ሌላ ሕንፃ በተሻለ የሚናገር ምስክር ነው። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. የአዋሽ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ለማየት በአፋር በረሃ ያደረገውን ጉዞ የጀመረው ከዚሁ ጣቢያ ነው። ለእርሱ የታወቀው ዓለም የሚያልቀው ሐዲዱ ላይ ነበር።

ከጣቢያው ቀጥሎ ያለው የአዋሽ ገደል ድልድይ ደግሞ የመስመሩ ስስ ጅማት ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸሽ ድልድዩን አፍርሶ ሄደ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከድሬዳዋ ግራና ቀኝ ያሉ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለወራት ቆመ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ ተሳፋሪ የጫነ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው፤ የጣቢያዎቹ ታሪክ ሲነገር ሊዘለል አይገባም።

ከአዋሽ በኋላ ያሉት ጣቢያዎች ስም ራሱ የአገሩን ጠባይ ይናገራል። አርባ በኦሮምኛ ዝሆን ነው፤ ዛሬ ዝሆን በማይታይበት ሜዳ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አሰቦት ላይ ሐዲዱ የጥንቱ የአሰቦት ሥላሴ ገዳም ካለበት ተራራ ሥር ያልፋል። ሜኤሶ ላይ በ1909 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱ ማግስት፣ ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር ተገቶ ተመልሷል። ይህም ሐዲዱ ዋና ከተማዋ ሳይደርስ የአገሪቱ የሥልጣን ትግል መንገዱን ተከትሎ መሄድ መጀመሩን ያሳያል።

ሜኤሶ ሌላም ነገር ይለይበታል፤ የትንንሾቹን ጣቢያዎች ዕጣ የከፈለው ይህ ቦታ ነው። አውራ ጎዳናው እዚህ ሐዲዱን ትቶ ወደ ጭሮና ወደ ቁልቢ ደጋ ይወጣል። ሐዲዱ ግን በቆላው፣ በተራራው ግርጌ ይቀጥላል። ሙሉ፣ አፍደም፣ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረርና ሁርሶ ለረጅም ዘመን ከዓለም ጋር የተገናኙት በባቡሩ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሞጆ ላይ ባቡር ቢዘገይ መንገደኛው አውቶቡስ ይሳፈራል፤ አፍደም ላይ ቢዘገይ ይጠብቃል። የአርብቶ አደሩ ሴቶች ወተት ይዘው፣ ከሰል የሚያከስሉት ጆንያቸውን ደርድረው፣ ፍየል የሚሸጠው ፍየሉን ጎትቶ ሐዲዱ ዳር ይሰለፋል። ባቡሩ ሲቆም ግብይቱ በመስኮት ይጀመራል፤ ሲንቀሳቀስ ያልቃል። ከጅቡቲና ከድሬዳዋ ልብስ፣ ስኳርና ሩዝ፣ ከቆላው ወተት፣ ከሰልና ከብት ይለዋወጡ ነበር፤ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎችም በፉርጎው ውስጥ ያልተደበቁበት ጥግ የለም። ኤረር በፍል ውሃው የታወቀ ስለነበር ለሕክምና የሚመጣውን ሕዝብ የሚያወርደው ጣቢያው ነው። የጦር ማሠልጠኛ በተቋቋመበት በሁርሶ ደግሞ ወታደሮች ይወርዱና ይሳፈሩ ነበር።

በዚህ ዓለም ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሳው በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ባቡሮች ሲገቡ ነው። ናፍጣ ውሃ በየጣቢያው አይጠይቅም። የውሃ ጋኖቹ ሥራ ፈቱ፤ የፈጣኑ ባቡር ማቆሚያዎችም አነሱ። ሊቶሪና ተብሎ የሚጠራው ራሱን የሚነዳ ተሽከርካሪ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የሚደረገውን ጉዞ አሳጠረ። ይሁን እንጂ ከሜኤሶ ወዲያ ያሉት ጣቢያዎች ፈጣኑ ባቡር ባይቆምላቸውም ዝግ ያለው ባቡር ይመጣላቸው ስለነበር ሕይወታቸው ቀጠለ። በ1952 ዓ.ም. የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ ኩባንያው የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሆነ። ጭነቱ ግን በአሰብ መንገድ ላይ በተሠማሩ የጭነት መኪኖች እየተወሰደ ሄደ። የጥገና ገንዘብ ባነሰ ቁጥር ባቡሩ ዘገየ፤ በዘገየ ቁጥር ደንበኛው ሸሸ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ ተቋረጠ።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር የሆነ፣ ኩርባውን ለፈጣን ጉዞ ያቃና መስመር ነው። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሜኤሶና ቢኬ ላይ ጣቢያዎች ቢኖሩትም የተሠሩት ከአሮጌዎቹ ርቆ፣ ብዙ ጊዜም ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። አዲሱ ባቡር በየጣቢያው ወተት ለመግዛት አይቆምም፤ ለዚያ የተሠራም አይደለም። ይህም መስመሩ መንገደኛን ከጫፍ ወደ ጫፍ ያደርሳል እንጂ መንገዱ ላይ ያሉትን መንደሮች አያስተሳስርም ማለት ነው።

ዛሬ አሮጌውን መስመር ለማየት የሚወጣ ሰው ማለዳ ከአዲስ አበባ ቢነሳ ሳይመሽ አዋሽ ይደርሳል። አቃቂና ዱከም ላይ ጣቢያው በፋብሪካና በአዳዲስ ሕንፃዎች ተከቦ፣ ወለንጪቲ ላይ ሐዲዱ በሣር ተሸፍኖ፣ መተሐራ ላይ የጥቁሩ ድንጋይ ሜዳ ከሐይቁ ጋር ተጋጥሞ ይጠብቀዋል። የሚመለከተውን ያወቀ ሰው እያንዳንዱን ሕንፃ ማንበብ ይችላል፦ ረጅም ግድግዳ ያለው መጋዘን የነበረው ጣቢያ ጭነት ያስተናገደ ነው፤ ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን የሚታይበት ቦታ ባቡሮች የሚተላለፉበት ነበር፤ ባዶ የድንጋይ መሠረት ብቻ ከቆመ የውሃ ጋኑ ተነስቶበታል። ከአዋሽ በታች ያለውን ለማየት ሌላ ቀን ያስፈልጋል፤ ከሜኤሶ ጎዳናውን ለቆ ወደ ቆላው መውረድ ግድ ነውና። ያን መንገድ የጨረሰ ሰው ድሬዳዋ ሲደርስ የጥገናው ግቢ ውስጥ የቆሙትን አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ያገኛል፤ ከአርባ እስከ ሁርሶ ያሉት ጣቢያዎች ለዓመታት ሲጠብቋቸው የነበሩት እነዚህን ነው።