ፀሐይ ሁለት ጊዜ የወጣችበት በረራ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዛሬው ትረካ የሚነሳው ከአውስትራሊያ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከፐርዝ ከተማ ነው። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1943፤ ዓለም በጦርነት ትታመሳለች። ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ከወደቀች ዓመት አልፏታል። አውስትራሊያን ከለንደን የሚያገናኘው የአየር መስመር ያረፈው በእሷ ላይ ነበርና እሷ ስትያዝ መስመሩም ተበጠሰ። ታዲያ አስቸኳይ ደብዳቤ በየት ይለፍ? መኮንኑስ በምን ይሻገር?

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ የህንድ ውቅያኖስን ሳያርፉ ማቋረጥ። ከፐርዝ እስከ ሲሎን፣ እስከ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ 5,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ ብቻ!

ሥራው ለኳንታስ አየር መንገድ ተሰጠ። የተመደቡለትም ካታሊና የሚባሉ፣ ከውሃ ተነስተው ውሃ ላይ የሚያርፉ አምስት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ነበሩ። ፍጥነታቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ርቀት ለመሄድ ወደ 9,000 ሊትር ነዳጅ ይጭናሉ፤ ክብደት ለመቀነስ ደግሞ ብርድ መከላከያው ሳይቀር ከውስጣቸው ተነቀለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተረፈው ቦታ ቢበዛ ለሦስት ተሳፋሪና ለ69 ኪሎ ደብዳቤ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ አስቡት። አውሮፕላኑ ያን ሁሉ ነዳጅ ተሸክሞ ከፐርዙ ስዋን ወንዝ ላይ እያቃሰተ ይነሳል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ብቻውን አይችለውም። በመንገዱ ላይ የጃፓን አውሮፕላኖች ስለሚዞሩ፣ ከአጭር የአየር ጠባይ መልእክት በቀር ራዲዮው ዝም ማለት አለበት። በጨለማ ውስጥ የት እንዳሉ የሚነግራቸው ማንም የለም።

እኔ በዚህ ታሪክ ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ናቪጌተሩን፣ መንገድ አስሊውን ነው። ሴክስታንት የሚባለውን መለኪያ አንስቶ የኮከብን ከፍታ ይለካል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ያሰላል፤ ካርታው ላይ ነጥብ ያደርጋል፤ ደመናው ገለጥ ሲል ደግሞ እንደገና ይለካል። ከመነሻው አቅጣጫውን በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢስት መድረሻው ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል፤ የሚፈልገው ግን ኮጋላ የምትባለውን የሲሎን ሐይቅ ነው። አምስቱ ካታሊናዎች ራሳቸው ስማቸውን ያገኙት መንገድ ከሚመሩት ከዋክብት ነበር፦ አልታይር፣ ቬጋ፣ ራይጀል፣ አንታሬስ፣ ስፓይካ።

ጉዞው እንደ ነፋሱ ሁኔታ ከ27 እስከ 33 ሰዓት ይፈጃል። ተሳፋሪው በዚያ አንድ በረራ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ያያል፤ ሲደርስም የድርብ ንጋት ምስጢራዊ ማኅበር አባል መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይሰጠዋል። አውሮፕላኖቹ እስከ ሐምሌ 1945 ድረስ ውቅያኖሱን 271 ጊዜ ተሻገሩ። በእነዚያ ሁሉ ጉዞዎች አንድም ሰው፣ አንድም አውሮፕላን አልጠፋም! ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን ካታሊናዎቹ ባህር ውስጥ እንዲሰምጡ ተደረገ።

በመጋቢት 2018 ያው አየር መንገድ ከዚያችው ከፐርዝ ተነስቶ 14,498 ኪሎ ሜትር በመብረር በ17 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ለንደን ገባ። ያም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ታላቁ በረራ ግን በኮከብ የተመራው ነው።