የአዲስ አበባ ስታዲየም፦ ታሪኩና አሠራሩ

ከልደታ በቀላል ባቡር ተነስቶ ተግባረ ዕድን፣ ሜክሲኮንና ለገሃርን ያለፈ ተሳፋሪ በስሙ የተሰየመ ጣቢያ ያለውን የአዲስ አበባ ስታዲየም ያገኛል። በመስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው ይህ ስታዲየም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በወቅቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር።

ስታዲየሙ የእግር ኳስ ሜዳውን የመሮጫ መም እንዲከበው ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ለሁለቱም ስፖርቶች አገልግሏል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮናን ማስተናገዱ ለዚህ አብነት ነው። የመመልከቻ ክፍሎቹም ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራና ዳፍ ትራክ በሚሉ መጠሪያዎች ይታወቃሉ። በቀድሞ ይዞታው 35 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ እንደነበር ይነገራል።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም በዚህ ስታዲየም በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ብሔራዊ ቡድኑ በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን አንስቷል። ከአራቱ ግቦች ሁለቱን ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ሲያስቆጥሩ፣ ቀሪዎቹን ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረዋል። ስታዲየሙ በ1960 ዓ.ም ከአስመራ፣ በ1968 ዓ.ም ደግሞ ከድሬዳዋ ጋር በመሆን ውድድሩን በድጋሚ አስተናግዷል።

ይሁን እንጂ የካፍ መስፈርት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበቀ መጥቷል። ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ወንበር፣ በቂ የመልበሻና የሕክምና ክፍሎች፣ የመብራትና የመገናኛ ብዙኃን አገልግሎት የግድ ሆነዋል። የአዲስ አበባው ስታዲየም ለእድሳት ከውድድር ውጪ በሆነበት ወቅት፣ በ2014 ዓ.ም የባሕር ዳር ስታዲየምም በካፍ በመታገዱ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታዎች በውጭ አገር ለማካሄድ ተገዷል።

በዚህም ምክንያት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊ ርዕሰ ከተማ ሊሎንግዌ፣ ያለ አገሩ ሕዝብ ድጋፍ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ያንኑ ተጋጣሚ የረታው ግን በአዲስ አበባ፣ በወገኑ ፊት ነበር።

በቦሌ በመገንባት ላይ ያለው ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ የተጀመረውም ይህን መሰል ክፍተት ለመሙላት ታስቦ ነው። ከነባሩ ስታዲየም ተሞክሮ የሚወሰደው ዋና ትምህርት ግን ስታዲየም መገንባት ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ለጥገናና ለእድሳት በወቅቱ በጀት ያልተያዘለት ስታዲየም ታሪኩ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ጨዋታ የማስተናገድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።