ከለንደን ምድር ቤት እስከ አዲስ አበባ፦ የኦቲዝም ማዕከላት አነሣሥ

በልማድ እንደሚታወቀው አንድ የጤና ችግር በመጀመሪያ በሐኪሞች ይጠናል፤ ቀጥሎ መንግሥት ወይም በጎ አድራጊዎች ተቋም ያቆሙለታል፤ በመጨረሻም ቤተሰብ ከተቋሙ ደጅ ደርሶ ይገለገልበታል። የኦቲዝም ማዕከላት ታሪክ ግን ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ነው። ቤቱን መጀመሪያ የከፈቱት ወላጆችና አንዲት መምህርት ሲሆኑ፣ ሳይንሱ እያዘገመ ደርሶባቸዋል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም ሳይንሱ ራሱ የወላጆች ከሳሽ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1943 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሊዮ ካነር ስምንት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ በድምሩ የ11 ሕፃናትን ሁኔታ የሚዘረዝር ጥናት አወጡ። ሕፃናቱ ከሰው ፊት ይልቅ በዕቃ ይማረካሉ፤ የሰሙትን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ መልሰው ያሰማሉ፤ የለመዱት የዕቃ አቀማመጥ ወይም የቀን ውሎ ሲለወጥባቸው እሪ ይላሉ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ የማስታወስ ችሎታቸው የሚያስደንቅ ነበር። ካነር ሁኔታውን የሰየሙበት «ኦቲዝም» የተባለው ቃል «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ቀደም ብለው የስዊሱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ለሌላ የአእምሮ ሕመም ምልክት ተጠቅመውበት ነበር።

ካነር በጥናታቸው መደምደሚያ ላይ ሕፃናቱ ይህን ሁኔታ ይዘው የተወለዱ መሆናቸውን አመልክተዋል። ዳሩ ግን በዚያው ጽሑፍ ስለ ወላጆቹ አንድ አስተያየት ጣል አድርገው አልፈዋል፤ ይኸውም አብዛኞቹ የተማሩና ፍቅራቸው የማይሞቅ ሰዎች ናቸው የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ልጁን ከስመ ጥር ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ዐቅሙም ዕውቀቱም የነበረው የተማረው ወላጅ ስለሆነ፣ በሐኪሙ ክፍል የተማሩ ሰዎች መብዛታቸው ሊያስገርም አይገባም ነበር። የሆነ ሆኖ አስተያየቱ እያደር ሥር ሰደደና «ማቀዝቀዣ እናት» የሚል ቅጽል ወለደ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የሕፃናት ተቋም ይመሩ የነበሩት ብሩኖ ቤትልሃይም ነገሩን ከሁሉ አከረሩት። እርሳቸው ራሳቸው በናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ የታሰሩ ሰው ነበሩ፤ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍም የኦቲዝምን ሕፃን ከካምፕ እስረኛ ጋር አነጻጸሩት። እንዲህ ከሆነ የካምፑ ጠባቂ ማን እንደሆነ አንባቢው አያጣውም። ስለዚህም ለሕፃኑ የታዘዘለት መድኃኒት ከእናቱ መለየት ሆነ።

ልጇ ስሟን የማይጠራት፣ ሌሊት የማይተኛላት እናት ከሐኪም ዘንድ ስትመለስ ይዛ የምትመጣው ፍርድ ይህ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ በር ተዘግቶባት ነበር፤ እስከ 1970 ድረስ በነበረው ሕግ መሠረት ከባድ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት አለባቸው የተባሉ ልጆች «ሊማሩ የማይችሉ» ተብለው ከትምህርት ሚኒስቴር ኃላፊነት ውጭ ይደረጉ ነበር። የቀረላት ምርጫ ልጁን ቤት ማስቀመጥ ወይም ለሆስፒታል አሳልፎ መስጠት ነው።

በ1961 ሄለን አሊሰን የተባሉ እናት በብሪታንያ ራዲዮ የሴቶች ፕሮግራም ላይ ቀርበው ስለ ወንድ ልጃቸው ተናገሩ። ንግግራቸውን የሰሙና ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ወላጆች መፈላለግ ጀመሩ። በ1962 መጀመሪያ በሰሜን ለንደን በአንድ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ፤ ይህም ማኅበር ስሙንና ስፋቱን እየለወጠ የኋላውን የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር ወለደ። ከመሥራቾቹ አንዷ ዶክተር ሎርና ዊንግ ናቸው። እርሳቸው የአእምሮ ሐኪም፣ ባለቤታቸውም የአእምሮ ሐኪም ሲሆኑ ሴት ልጃቸው ኦቲዝም ነበረባት። ሐኪም ሆነው ሳለ የገዛ ልጃቸውን ሁኔታ ለመረዳት መቸገራቸው፣ ትምህርታቸው ስለ ጉዳዩ ምን ያህል ባዶ እንደነበረ አሳያቸው። በ1963 ከማኅበሩ አባሎች አንዱ የሆኑ አባት ለማኅበሩ ዓርማ የእንቆቅልሽ ሥዕል ቁራጭ ነደፉ። ዓርማው በዓለም ላይ ተሰራጨ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶች «እኛ የጎደለን ቁራጭ የለም» በማለት ተቃወሙት። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው። ቢሆንም ዓርማውን የነደፈው አባት በዘመኑ ልጁን በተመለከተ ከእንቆቅልሽ በቀር ያገኘው መልስ እንዳልነበረ ማሰብ ያሻል።

ማኅበር ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ሰኞ ጧት የሚሄዱበት ቤት ማግኘት ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ወይዘሮ ሲቢል ኤልጋር ብቅ ይላሉ። በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሠርተው፣ በጎልማሳነታቸው የሞንቴሶሪን የማስተማር ዘዴ የተማሩ ሴት ነበሩ። በሥልጠናቸው ጊዜ በአንድ ተቋም ያዩት የሕፃናት አያያዝ ከልባቸው ስላልወጣ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በለንደን ሴይንት ጆንስ ዉድ በሚባለው ሰፈር በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ጥቂት የኦቲዝም ሕፃናትን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። የሐኪም ማዕረግ የላቸውም፤ የሚከተሉት ትልቅ ንድፈ ሐሳብም አልነበራቸውም። ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነበር፤ እነዚህ ሕፃናት የሚሸበሩት ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማያውቁ ነው። ስለዚህ ቀኑን አስተካክለው ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱ ሥራ የታወቀ ሰዓትና የታወቀ ቦታ ተሰጠው። ንግግራቸው አጭርና ጥርት ያለ ነበር። በቃል ሊገባ ያልቻለውን በዕቃ፣ በሥዕልና በእጅ ምልክት አሳዩ። ሕፃኑ አንድ ነገር እስኪይዝ ድረስ ሳይሰለቹ ደገሙት። በጊዜው የነበሩ ሊቃውንት ሕፃኑ የውስጡን እንዲያወጣ ልቅ ተደርጎ መተው አለበት ሲሉ፣ እኒህ ሴት ሥርዓት አበጁለት።

ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤት አከፋፈል ሰውን ያለ ቃል ያዝዛል፤ በሩ የት እንደሆነ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ አንዱ ክፍል ከሌላው በምን እንደሚለይ ያወቀ ሰው መንገድ አይጠይቅም። በኋላ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ኤሪክ ሾፕለርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህንኑ አሳብ ወደ ተሟላ አሠራር አድርሰውታል። የመማሪያው ክፍል በመደርደሪያና በምንጣፍ ይከፋፈላል፤ የመብያው፣ የመሥሪያውና የማረፊያው ቦታ በዓይን ይለያል፤ የቀኑ ውሎ በሥዕል ተደርድሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚህ ይበልጥ ግን የሾፕለር ትልቁ ሥራ ወላጆችን ከተከሳሽ ወንበር አንሥተው ከአስተማሪው ጎን ማስቀመጣቸው ነው። የሰሜን ካሮላይና መንግሥትም በ1972 ፕሮግራሙን በሕግ አቋቁሞ በጀት ሰጠው።

ወደ ለንደን እንመለስ። ማኅበሩ ገንዘብ አሰባስቦ በ1965 በከተማው ምዕራብ ኢሊንግ በሚባለው ሰፈር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ወይዘሮ ኤልጋርም ከምድር ቤታቸው ወጥተው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሆኑ። ቤቱ የቆመው በወላጆች መዋጮና በለጋሾች እርዳታ ነበር። ከዚያ በኋላ ማስረጃው ተከታትሎ መጣ። ቪክተር ሎተር በ1966 ባወጡት የሚድልሴክስ ቆጠራ ከ10,000 ሕፃናት መካከል 4.5 ያህሉ ኦቲዝም እንዳለባቸው ገመቱ። በ1969 ካነር ራሳቸው በአሜሪካ ወላጆች ጉባኤ ላይ ተገኝተው ወላጆችን ከጥፋተኝነት ነጻ ማለታቸውን በይፋ ተናገሩ፤ 26 ዓመት የዘገየ ፍርድ ነበር። በ1973 ሎውረንስ ባርታክና ማይክል ራተር በሦስት ልዩ ልዩ ተቋማት የሚገኙ 50 ሕፃናትን ተከታትለው፣ ትምህርቱ ሥርዓት ባለው መንገድ በሚሰጥበት ክፍል የነበሩት ልቅ ከተተዉት ይልቅ መሻሻላቸውን አሳዩ። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ራተር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ያደረጉት ምርመራ ሁኔታው በዘር ውርስ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አመለከተ። ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ በ1979 በካምበርዌል ሰፈር ጥናታቸው የችግሩ ድንበር ካነር ከገመቱት እጅግ የሰፋ መሆኑን ገለጹ። ምድር ቤት ውስጥ በልማድ ሲሠራበት የቆየውን ነገር ምርምር ያረጋገጠው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ማለት ነው።

ቤቱ ግን ያልመለሰው ጥያቄ ነበረው። ሕፃናቱ አደጉ። ትምህርት ቤት ዕድሜ ይወስናል፤ ኦቲዝም ግን አይወስንም። በዚህም ምክንያት ማኅበሩ በ1974 በሱመርሴት ክፍለ ሀገር ለጎልማሶች የሚሆን መኖሪያና የሥራ ቦታ አቋቋመ፤ ወይዘሮ ኤልጋርም ተማሪዎቻቸውን ተከትለው ወደዚያው ተዛወሩ።

በኢትዮጵያ ክሱ የመጣው በሌላ ልብስ ነው። የቺካጎውን መጽሐፍ ያነበበ ጎረቤት አልነበረም፤ እናቲቱ ግን ከፍርድ አላመለጠችም። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የወላጅ ኃጢአት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ልክፍት ነው ብሎ ጠበል ይመክራል። ጠበል ለተጨነቀ ቤተሰብ መጽናኛ መሆኑ አይካድም፤ ልጁ መብላትና መልበስ የሚማርበት ቦታ ግን አልነበረም። በዚህ ላይ ብዙ አባቶች ቤቱን ጥለው ሲሄዱ ሸክሙ በእናት ትከሻ ላይ ቀረ። ብዙ ሕፃናት ከእንግዳ ዓይን ተሰውረው በጓዳ አደጉ፤ አንዳንዶቹም ከቤት እንዳይወጡ ታስረው ይውሉ ነበር።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአሜሪካን አገር ኖረው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱ፣ በከተማው ኒያና የተባለ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ወንድ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ ያስገቡት ትምህርት ቤት ሁሉ ስላልያዘው ይመልስላቸው ነበር። ለእርሱ የሚሆን ቦታ በአገሩ እንደሌለ ሲረዱ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት አቋቁመው፣ በሥሩም ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በጥቂት ሕፃናት ጀመሩ። እንደ ለንደኗ መምህርት ሁሉ እርሳቸውም ሐኪም አልነበሩም።

በማዕከሉ የሚሰጠው ትምህርት መነሻው የዕለት ኑሮ ነው፤ እጅ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ በራስ እጅ መብላት፣ የሚፈልጉትን በቃል ወይም በምልክት መጠየቅ። ከዚህም ሌላ ወይዘሮ ዘሚ የአማርኛን ፊደል ድምፅ መሠረት ያደረገ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተሰኘ የንባብና የአነጋገር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ፊደላችን ለዚህ የሚያመች ጠባይ አለው፤ እያንዳንዱ ምልክት አናባቢውን ይዞ የሚመጣ ስለሆነ ሕፃኑ ያየውን ወዲያው በአፉ ሊያወጣው ይችላል። ፊደልን በዜማ እየደጋገመ የሚያስጠና የቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው፣ በድግግሞሽና በማይለወጥ ሥርዓት ማስተማር ከውጭ የመጣ ብልኀት ብቻ አለመሆኑን ይገነዘባል።

ማዕከሉ ለልጆቹ ከሰጠው ያላነሰ ለእናቶች ሰጥቷል። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸውን አልሸሸጉም፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን እየቀረቡ እናት መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። በዚያች ከተማ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲነገር ብዙዎች የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ልጇን በጓዳ የያዘች እናት ድምፁን ሰምታ ስትመጣ፣ በደጁ ላይ እንደ እርሷ ያሉ ሌሎችን ታገኛለች። ኋላም ነህምያ የተባለው የኦቲዝም ማዕከል እንዲሁ በወላጆች ተነሣሽነት ተከፍቷል። ይህ ሁሉ ተሠርቶም ኀፍረቱ ከሥሩ አልተነቀለም። በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ክሊኒኮች ከተጠየቁት 102 አሳዳጊዎች መካከል ከ10 ከ4 የሚበልጡት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ገልጸዋል፤ ከአራት አንድ የሚሆኑትም ነገሩን ከሰው ይደብቁ ነበር። ስለ መንሥኤውም ሲጠየቁ የራስ ጉዳትንና የወሊድ ችግርን ከኃጢአትና ከክፉ መንፈስ ጋር አቀላቅለው ተናግረዋል።

ቦታው ደግሞ አይበቃም። ለአንድ ልጅ አንድ አስተማሪ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ወጪው ከባድ ነው፤ በጆይ ማዕከል ተራ የሚጠብቁት ከሚማሩት መብለጣቸው ለወይዘሮ ዘሚ የዘወትር ጭንቀት ነበር። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ቤተሰብ ወደ ከተማው ካልተሰደደ ተራውንም ለመያዝ ይቸገራል። የእንግሊዝ ማኅበር በ1974 የገጠመው ጥያቄም እዚህ ደርሷል፤ በሕፃንነታቸው የገቡት ጢም አበቀሉ፤ ጎልማሳውን የሚቀበል የሥራና የመኖሪያ ቦታ ግን ገና አልተዘረጋም።

ወይዘሮ ዘሚ በ2021 በኮቪድ ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ማዕከሉ ከእርሳቸው በኋላም ሥራውን አላቋረጠም። ቤቱ የተከፈተለት ልጅ እናቱ ሲሞቱ ሙሉ ሰው ሆኖ ነበር።