ላርክ፦ ረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ በፈለጉ ጊዜ የሚወጣ የወሊድ መከላከያ

ላርክ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። ሁለት ዘዴዎችን በአንድ ስም ይጠራል፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ዘንግና ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ። የአማርኛ አቻው «ረጅም ጊዜ የሚቆይ ተመላሽ የወሊድ መከላከያ» ነው። «ተመላሽ» ብቻውን ግን ምን እንደሚመለስ አይናገርም፤ የሚመለሰው የመውለድ ችሎታ ነው። «በፈለጉ ጊዜ የሚወጣ» ቢባል ለተጠቃሚዋ ይገባታል።

በክንድ ከሚቀበሩት ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን 3 ዓመት፣ ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል 5 ዓመት፣ መዳብ ያለው ሉፕ እስከ 12 ዓመት ያገለግላሉ። በኢትዮጵያ የሚበዛው ግን መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 23 በመቶው መርፌ፣ 8 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን፣ 2 በመቶው ሉፕ ይጠቀሙ ነበር። መርፌ በየ3 ወሩ ቀጠሮ አለው። ለምሳሌ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ የሩዝ አረሙም ሲደራረብ፣ ከይፋግ ዙሪያ ቀበሌዎች ወጥቶ ቀጠሮ ማክበር ይከብዳል። የላርክ ጥቅም እዚህ ላይ ይጎላል።

ምክሩ ዘዴ ከመምረጥ አይጀምርም። «እህቴ፣ ቀጣዩን ልጅ መቼ ታስቢያለሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ሉፕን አይነካውም። በክንድ የሚቀበረው የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር ይችላል፤ የመዳቡ ሉፕ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙን ሊያበዛው፣ ቁርጠትም ሊያመጣ ይችላል። ደም እየፈሰሳት ቤተ ክርስቲያን ለማትገባ ሴት ይህ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ አስቀድሞ ይነገራታል። ሁለቱም ኤች አይ ቪን እንደማይከላከሉ፣ ለዚያ ኮንዶም እንደሚያስፈልግም እንዲሁ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ስለ ማውጣቱ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ሲሠለጥኑ፣ ማውጣቱ የጤና ጣቢያ ሥራ ሆኖ ነበር የታቀደው። ስለዚህ የት፣ ማን እንደሚያወጣላት ሳታውቅ አንዲት ሴት ክንዷን መስጠት የለባትም። «3 ዓመት ሳይሞላ አይወጣም» የሚል ባለሙያ ካለ ተሳስቷል፤ በቃኝ ካለች በወሩም ይወጣል። ከወጣ በኋላ ወዲያው ማርገዝ ትችላለች፤ መርፌ ላቆመች ሴት ግን ወራት ሊፈጅባት ይችላል።