የቮልሷ ጎማ፦ ከጀሪካን ዙሪያ እስከ ሞጣ

ነገሩ የተጀመረው በስምንት ቢጫ ጀሪካኖች ነው።

በ2005 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አራት ጓደኛሞች አዋጥተን አንዲት አሮጌ ቮልስ ገዛን። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች፣ በዕድሜ ሁላችንንም የምትበልጥ፣ ስትነሳ የምታስነጥስ ቮልስ። ገና ቀለሟን ሳናስቀባ ኢንተርኔት ላይ ያየነውን ነገር ልንሞክርባት ጓጓን። ፈረንጆቹ አውቶክሮስ ይሉታል። እንግሊዞች ሣር ሜዳ ላይ ያደርጉታል፤ አሜሪካኖች ደግሞ ባዶ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ኮን ይደረድሩና አንድ መኪና ብቻዋን በመካከሉ እየተጥመለመለች ትሮጣለች። ሰዓት ይያዝላታል፤ ኮን ከነካች ቅጣት ይጨመርባታል። ፍጥነቱ የሚያስፈራ አይደለም፤ አብዛኛው በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል። ለዚህም ነው አሮጌና ትንሽ መኪና የያዘ ሰው የማያፍርበት። የሚለየው የሞተር ጉልበት ሳይሆን ጎማው ነው።

እኛ ኮን አልነበረንም። ጀሪካኖቹን ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልተን ደረደርናቸው።

ችግሩ ከቮልሷ ጋር የመጡት ጎማዎች ነበሩ። ተሰነጣጥቀው የደረቀ መሬት መስለዋል። ለአንድ ሙሉ ጎማ የሚሆን ገንዘብ ብቻ ነው ያለን፤ በእሱው ጎማ ደግሞ ለመስቀል ሞጣ መሄድ አለብን፤ አንዱ ጓደኛችን የሞጣ ልጅ ነውና ለእናቱ ቃል ገብቷል። ከአባይ በረሃ ወዲያ፣ በደጀን ተገንጥሎ በቢቸና የሚወስደው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ለጀሪካን ዙሪያ የሚፈለገው ጎማና ለዚያ መንገድ የሚፈለገው ጎማ ደግሞ ወንድማማች አይደሉም።

አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሄድን። ቸርኬውን አየት አድርጎ «15 ነው፤ የኮሮላ 195/65 ይገባል» አለን። አልዋሸም፤ ይገባል። ከፍታውም ከጥንቱ የቮልስ ጎማ ብዙ አይርቅም። ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ በየሱቁ ሞልቷል። ከአራታችን ሦስቱ እጃችንን ኪሳችን ከትተን ነበር። አራተኛው፣ መጽሐፍ ሳያገላብጥ ምንም የማይገዛው፣ «ቆይ» አለ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ «ቆይ» ነው።

*

ከቃሉ እንጀምር። ጎማ ጣሊያንኛ ነው። ጎሚስታም እንዲሁ። ካላማዳሪም፣ ቸርኬም፣ ስኮርትም፣ ክሪክም። አንዲት ጎማ ስትተነፍስ ከምንጠራቸው ቃላት ውስጥ ከ«ነፋስ» በቀር የኛ የምንለው ብዙ የለም። መኪናው ራሱ ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው የመጣው፤ ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለአጼ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል፤ ለመኪና የተሠራ መንገድ በሌለበት አገር! በነፋስ የሚሞላ ጎማ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር። ዳንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ብስክሌት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ከሱ በፊት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሐሳቡን በስሙ አስመዝግቦት ነበር፤ ግን ጊዜው ስላልደረሰ ተረሳ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን መንገድ ቀደደ፣ ካሚዮን አመጣ፣ ካሚዮን ጠጋኝም አመጣ። በላይ ዘለቀ ቢቸና ዙሪያ ጣሊያንን እንቅልፍ ሲነሳ የኖረበት ጊዜ ነው። ሰዎቹን አባረርናቸው፤ ቃላቶቻቸው ግን በጋራዡ በር ቀርተው እስካሁን ደመወዝ ይበላሉ።

ቮልስ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ በሂትለር ትእዛዝ የነደፋት «የሕዝብ መኪና» ከጦርነቱ በኋላ ዓለምን አዳረሰች። ከጎረቤታችን ከኬንያ የሚነሳውን የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው እሷ ናት፤ ጭቃና አቧራ እየበላች፣ ጉልበታም መኪኖች ቦይ ውስጥ ተቀርቅረው ሲቀሩ። ሞተሯ ከኋላ፣ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ነው የተቀመጠው፤ ክብደቱ ይጫናቸዋል፣ ጎማው መሬት ይቆነጥጣል። ውኃ የላትም፣ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። ጎማዋ ቀጭን ነው፦ 5.60-15። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠጣሩን መሬት ይፈልጋል፤ ሰፊው እላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የቢቸናን ዋልካ በመስከረም ያየ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን ቮልስ ስትባል የምትታወሰው በሌላ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛቸው የወጣችው ቮልስ ነበረች። የኋላ ጎማዋ ስንት አየር እንደነበረው ታሪክ አልመዘገበም፤ እኛ ግን አሁን አሁን መጀመሪያ የምናስበው እሱን ሆኗል።

ምክንያቱም የቮልስ ምሥጢር ያለው አየሩ ላይ ነው። ፋብሪካው ለነዚያ ለጥንቶቹ ጎማዎች ያዘዘው ፊት 16፣ ኋላ 24 ነው፤ በጎሚስታ ቤት መለኪያ ማለታችን ነው። ለራዲያል ጎማ ደግሞ ፊት 18፣ ኋላ 27። ፊቷ ባዶ ሻንጣ ነው፣ ኋላዋ ሞተር ነው፤ ስለዚህ እኩል አይሞሉም። በፍጥነት ስትታጠፍ የእኛዋን ዓይነት አሮጌ ቮልስ ኋላዋ ብድግ ይላል፤ የኋላው ጎማም ከሥሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት ልታደርግ ትችላለች። ከባሰም ትገለበጣለች።

ይህ ወሬ አይደለም። ራልፍ ናደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለሸቭሮሌ ኮርቬር ነው። እሷም ሞተሯ ከኋላ፣ እግሯም እንደ ቮልስ። ፋብሪካው ፊት 15፣ ኋላ 26 ሙሉ ብሎ ነበር። ማን ሰማ? ሰው ሁሉ አራቱንም እኩል ሞላ። የናደር ክርክር፣ የሰው ሕይወት በአየር መለኪያ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ጥፋቱ የነጂው ሳይሆን የሠሪው ነው የሚል ነበር። ልክ ነው እንላለን። ግን ቮልሷን የገዛናት እኛ ነን፤ ናደር መጥቶ አይሞላልንም።

*

ወደ 195ቱ እንመለስ። ያ ጎማ የተሠራው ቢያንስ አምስት ኢንች ተኩል ስፋት ላለው ቸርኬ ነው። የኛ ቮልስ ቸርኬ ስፋቱ አራት ኢንች ነው። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ሆዱ ይነፋል፣ ጎኑ ይላላል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይታወቅም፤ ሲታጠፍ ግን ጎማው ከሥር ይተኛል። ይህን ደግሞ ቀድሞውንም ጎማዋን ወደ ውስጥ በምታጥፍ መኪና ላይ ጨምሩበት።

ጉዳዩን በክርክር አልፈታነውም። አንድ የቮልስ ባለቤት 195 አስገጥሞ ስለነበር ለአንድ እሑድ ጎማዎቹን ተዋስን። ፈረንጆቹ የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ የጎማውን ትከሻ፣ መሬት የሚነካው ክፍል አልቆ ጎኑ የሚጀምርበትን፣ በጠመኔ ወይም በነጭ የጫማ ቀለም ያሰምሩታል። ሮጠው ሲመለሱ ያያሉ። ጠመኔው እስከ ጠርዙ ብቻ ከተፋቀ ደህና። ካልተነካ አየሩ በዝቷል። ወደ ጎኑ ወርዶ ከተፋቀ ጎማው እየተኛ ነው።

ሦስት ዙር በጀሪካኖቹ መካከል ሄድን። በሦስተኛው ስንወርድ ጠመኔው ብቻ ሳይሆን የጎማው ስም የተጻፈበት ፊደል ሳይቀር አቧራው ተፍቋል። ማንም አልተናገረም። ሦስታችንም እጃችንን ከኪሳችን አወጣን።

ትክክለኛው መጠን፣ 165/80 አር 15፣ በቀላሉ አይገኝም። ሦስት ሳምንት ዞረን ሁለት ምርጫ አገኘን። አንደኛው ርካሽ፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ የሚያብለጨልጭ። ጎኑ ላይ ግን አራት አኃዝ ነበረች፦ 3801። ይህችን ቁጥር ማንበብ ለማያውቅ አንባቢ ብቻ ብለን እንጻፋት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመት። በ2001 በ38ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እኛ ስናየው አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ጎማ መደርደሪያ ላይም ተቀምጦ ያረጃል፤ ይደርቃል፣ መቆንጠጡን ያጣል፣ በሙቀት ደግሞ ሊላጥ ይችላል። አባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወንዙ ጋ ወደ 1,000 ሜትር የሚወርድ ነው፤ ፍሬን ይግላል፣ ቸርኬ ይግላል፣ ጎማ ይግላል። እዚያ ነው የሚላጠው።

ሁለተኛው ምርጫ ውድ፣ በቅርብ የተሠራ፣ ግን ድርቅ ያለ ላስቲክ። ይህንንም ጎኑ ይናገራል፤ አሜሪካኖች የማለቂያ ፍጥነቱን በቁጥር ያስጽፋሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ላስቲኩ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፣ ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል። የአሜሪካ አውቶክሮስ ሰዎች ተራ መኪኖች በሚሮጡበት ምድብ ከ200 በታች እንዳይገባ ከልክለዋል፤ ካልሆነ ሁሉም በማስቲካ ላይ ይሮጥ ነበር። የኛው ከ400 በላይ ነው። ለጀሪካን የማይረባ፣ ለሞጣ መንገድ ግን የሚታመን። ገዛነው። በጀሪካኖቹ ዙሪያ ከዚያ ወዲህ ማንንም አሸንፈን አናውቅም።

*

ለመስቀል 2006 ዓ.ም. ወጣን። አባይን በሐዳሴ ድልድይ ተሻገርን፤ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን የተመረቀውን ማለታችን ነው። ታች ስንደርስ አየሩን ለካን። ከፍ ብሏል። አንዳችን ሊያስተነፍሰው ጎንበስ ሲል መጽሐፍ አገላባጩ እጁን ያዘው። የጋለ ጎማ አይተነፈስም፤ ደጀን ሲወጣና ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል።

ከደጀን ወዲያ፣ ቢቸና ሳንደርስ፣ የኋላ ግራው ተነፈሰ። ስኮርታችን ከመኪናዋ ጋር ከመጡት የጥንት ጎማዎች የተሻለው ነበር፤ ክሩ በሰያፍ እየተጠላለፈ የተሠራ፣ ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 ራዲያልን በስሙ ከማስመዝገቡ በፊት ዓለም ሁሉ ይነዳበት የነበረው ዓይነት። ሁለቱ ዓይነት ባይደባለቁ ይመረጣል፤ ግድ ከሆነ ራዲያሉ ኋላ ነው መሆን ያለበት። ስለዚህ አንዱን የፊት ጎማ ፈትተን ወደ ኋላ ወሰድን፣ ስኮርቱን ፊት አደረግን። ሁለት ጊዜ ክሪክ፣ በዋልካ ላይ። ክሪኩ እየሰመጠ አሥር ጊዜ ድንጋይ ደለደልንለት። ከዚያ እንደ ሙሽራ አጃቢ ቀስ ብለን ቢቸና ገባን።

ጎሚስታው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ምስማሩን ነቀሉ፣ ለጠፉ፣ የነፋሱን ቱቦ አነሱና ቆም አሉ።

«ፊቷን ስንት ነው የምትሏት?»

«18፣ ጋሼ።»

«ኋላዋንስ?»

«27።»

«እህ» አሉ። «ሰው ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ሙላ ነው የሚለኝ።»

ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ ሳይሞላ የጠየቀን ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ስኮርቱን አገላብጠው አዩት። በጥፍራቸው ስንጥቁን ፋቅ አድርገው ትከሻውን በጉልበታቸው ተጫኑት። «ሽቦ የለውም አይደል?» ጥያቄው ለበረባሶ ነበር። እኛ ጎማን የምናውቀው ከመኪና ሥር ነው፤ እዚያ አገር ግን ብዙ ሰው ጎማን የሚያውቀው በእግሩ ነው። የፕላስቲኩ ኮንጎ ሳይመጣ የገበሬው ጫማ በረባሶ ነበር፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ፣ እሾህ የማይበሳው። ሰያፍ ክር ያለው ጎማ በቢላዋ ይቆረጣል። ራዲያሉ ሆዱ ውስጥ የብረት ሽቦ ስላለው ቢላዋ ይሰብራል፣ ቢቆረጥም እግር ይወጋል። ለመኪና ትልቅ እርምጃ የሆነው ነገር ለበረባሶ ሠሪው ጥሬ ዕቃውን ነው የወሰደበት። ይህን በየትኛውም የጎማ ታሪክ ውስጥ አላነበብነውም።

«ስንመለስ እንተውልዎታለን» አልናቸው።

ሞጣ ሁለት ቀን አደርን። የጓደኛችን እናት ቮልሷን ዞረው አይተው «ይቺው ናት?» ብለው ብቻ ገቡ። ስንመለስ ቃላችንን ጠበቅን፤ ያለ ስኮርት እስከ አዲስ አበባ መንዳት ሞኝነት መሆኑ ሳይጠፋን። ጎማው ከወረደ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፣ አንድ ሰው ባዶ እግሩን እላዩ ላይ አሳረፈ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በጠመኔ ዙሪያውን አሰመሩለት።